ከዒድ በኋላ ተመለሱ

«ብላ» ሲባል ወዲያው እጁን ታጥቦ ወደ ትሪው የሚጠጋ ሰው በአገራችን አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። አይቼም ከሆነ ያ ሰው ከዚያ ቀን በኋላ ስሙ በደግ አልተነሣም። ሥርዓቱ የታወቀ ነው። እንግዳው «አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» ይላል፤ ከትናንት ምሳ ወዲህ እህል በአፉ አልዞረም። የቤቱ እመቤት «እንዴት ተደርጎ!» ትላለች። እሱ «በሞቴ ተይኝ» ይላል። እሷ «አፈር ስሆን!» ትላለች። እንዲህ ሲማማሉ ወጡ ይቀዘቅዛል፤ ያን ጊዜ እንግዳው «እንግዲህ ለአንቺ ስል» ብሎ ይጠጋና ትሪውን የታጠበ ያስመስለዋል።

ይህ መግደርደር ይባላል። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም፤ ግን ሁላችንም እናውቅበታለን። ወንበር ሲለቀቅልን እንግደረደራለን፣ ስጦታ ሲሰጠን እንግደረደራለን፣ ሹመት ሲመጣ እንኳ «እኔ ምን አቅም አለኝ» እያልን ነው ወንበሩ ላይ የምንወጣው። ልጃችን ለትዳር ስትጠየቅማ አይነሣ! ለልጁ ያልተግደረደረ አባት ለምን ሊግደረደር ነው? ሽማግሌ መጀመሪያ ሲመጣ «እስቲ እንመካከር» ይባላል። ሁለተኛ ሲመጣ ከገጠር የሚጠበቅ አንድ አጎት አይጠፋም። በሦስተኛው «እናንተን አሳፍረን የት እንገባለን» ተብሎ ልጅቷ ትሰጣለች። ሽማግሌዎቹም ይህን ያውቃሉ፤ ገና ከቤታቸው ሲወጡ መመላለሱን አስበው ነው ከዘራቸውን የሚያነሡት።

ደግ ሥርዓት ነው፤ አልቃወመውም። ጣጣው ድንበር የተሻገርን ዕለት ነው። መግደርደር ፓስፖርት ላይ አይመታም፣ ፈታሽም አያገኘውም፤ ከሰውየው ጋር ዝም ብሎ ይሻገራል። እኔም ካርቱም ድረስ ይዤው ሄጄ ነበር። ይዞ የሄደው እኔ ብቻ ብሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አላወራላችሁም ነበር።

ካርቱም ምን ወሰደህ ብትሉኝ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ኮምቦልቻ ላይ ጂኦግራፊ ሳስተምር ኖሬ ነጭ አባይና ጥቁር አባይ የሚገናኙበትን ቦታ በጠመኔ እየሣልኩ፣ «እዚህ ጋ» እያልኩ በዱላ ስጠቁም ስንት ሰሌዳ አርጅቷል። ቦታውን ግን አይቼው አላውቅም። ጡረታ ስወጣ የእህቴ ልጅ ዘሐራ ከዚያ ደወለችልኝ። አል-ማንሺያ በሚባለው፣ ሀብታሞች በሚኖሩበት ሰፈር፣ አንድ ትልቅ ቤት ውስጥ የቤት ሠራተኛ ናት። «አጎቴ፣ ያላ ና እንጂ! ያንን ስትሥለው የኖርከውን ውሃ ላሳይህ» አለችኝ። ሌላው ጡረተኛ ፍል ውሃ ይሄዳል። እኔ ፍል አየር ውስጥ ገባሁ።

ማጋነን እንዳይመስላችሁ። ከአውሮፕላኑ ወጥቼ ደረጃው ላይ ስቆም ትኩስ ነፋስ ፊቴን መታኝ። ሞተሩ መስሎኝ ፈጠን ፈጠን ብዬ ራቅኩ። ሞተሩ ተከተለኝ። ቡሪ ድረስ ተከተለኝ፤ ቡሪ በካርቱም ምሥራቅ በኩል ያለ የቆየ ሰፈር ነው፣ ያረፍኩትም እዚያ ነበር። ሌሊቱን ከሰው ሁሉ ጋር ግቢ ውስጥ ከቤት ውጭ ተኛሁ፤ በዚያ ከተማ ጣሪያ ሥር የሚተኛ ኤሌክትሪክ ያለው ወይም ተስፋ የቆረጠ ሰው ብቻ ነው።

ጠዋት ስወጣ ከተማው ቀድሞኝ ነቅቷል። እኛ ባጃጅ የምንለውን እነሱ ረክሻ ይሉታል፤ ረክሻው የአህያ ጋሪውን ይቀድማል፣ ጋሪው የባለሥልጣን መኪና ይቀድማል፣ ሁሉም ድልድዩ አፍ ላይ ሲደርሱ ተጣብቀው ይቆሙና ከየመስኮቱ ይሰዳደባሉ። ከዚያ ይሣሣቃሉ። ከዚያ አንዱ ለሌላው በመስኮት ውሃ ያቀብለዋል። መንገዱ አቧራ ነው፣ አቧራው ደግሞ አንዳንድ ቀን ተነሥቶ ይቆምና ግድግዳ ሆኖ ወደ ከተማው ይመጣል። እኔ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። የሰፈሩ ሰዎች ግን ልብሳቸውን ከገመድ ላይ ሰብስበው ገቡ፤ ጨዋታቸውንም ካቆሙበት ቀጠሉ።

በየአጥሩ ጥግ በእንጨት መቆሚያ ላይ የተቀመጡ የሸክላ ጋኖች አሉ። ለአላፊ አግዳሚ ነው፤ የጠማው ሰው ጣሳውን ነክሮ ይጠጣል፣ ባለቤቱን አያስፈቅድም። በመጀመሪያው ቀን በእነዚያ ጋኖች አጠገብ ምራቄን እየዋጥኩ አለፍኩ። ማንም ያልጋበዘኝን ውሃ እንዴት እጠጣለሁ? ትንሽ ጠጋ ብዬ እቆማለሁ፣ «ጠጣ እንጂ» የሚለኝ ሰው እንዳለ ዞር ዞር እላለሁ፣ ሰው ሳጣ እሄዳለሁ። ከጋን ጋር የተግደረደርኩ የመጀመሪያው ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም። ማታ ልትጠይቀኝ የመጣችው ዘሐራ ከንፈሬን አይታ ደነገጠች።

ሁለቱ አባዮች የሚገናኙበትንም አየሁት። በጠመኔ ስሥለው ሁለት መስመር አንድ መስመር ይሆን ነበር፤ አልቋል። በዐይን ሲታይ ግን እንደዚያ አይደለም። አንዱ ግራጫ፣ አንዱ ጠቆር ያለ፣ በአንድ ዳርቻ ውስጥ ገብተውም ጎን ለጎን ሳይነካኩ ይሄዳሉ። እነሱም ይግደረደራሉ ለካ አልኩ። ቆይተው ግን ይቀላቀላሉ። ማን እንደለመነላቸው እንጃ።

የካርቱም ሰው ግብዣ እንደ ጋኑ ዝም የሚል አይደለም። አንድ አርብ ከዘሐራ ጋር ቡሪ ውስጥ ስንሄድ ከአንድ ሱቅ ደጃፍ ጥላ ፈልጌ ብቆም ባለሱቁ ቀዝቃዛ ከርከዴ፣ ያንን ከአበባ የሚዘፈዘፍ ቀይ መጠጥ፣ በብርጭቆ አቀረበልኝ። በወጉ መሠረት እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ «ይቅርብኝ፣ አሁን ጠጥቼ ነው» አልኩት። ሰውየው ጮክ ብሎ «ዓለይ ጠላቅ!» አለ። ዘሐራን «ምን አለኝ?» ብላት ሳቋ መጣ።

«ካልጠጣህ ሚስቴ ፈት ትሁን ብሎ ማለብህ።»

ብርጭቆውን ነጥቄ ጨለጥኩት። አንዲት ያላየኋት ሴት፣ ምናልባትም የልጆች እናት፣ በእኔ መግደርደር ሜዳ ላይ ትውደቅ? ሁለተኛውንም ጨለጥኩት፤ በሁለተኛውም ምሎ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ይህ ነገር የዘወትር ሥራዬ ሆነ። አውቶቡስ ላይ ልከፍል ስል ከኋላዬ የተቀመጠ ነጭ ጥምጣም ያሰረ ሽማግሌ በሚስቱ ማለና እኔን ቀድሞ ከፈለ። በምሳ ሰዓት በአንድ ጋራዥ በኩል ሳልፍ ፉል ከበው የተቀመጡት መካኒኮች በሙሉ፣ ያላገባው ጭምር፣ ፍቺ ማሉብኝ። ተቀምጬ በላሁ። በዚያ ሰሞን የስንቱን ትዳር ከመፍረስ እንዳዳንኩ ራሴም አላውቀውም፤ ብቻ ማታ ማታ ሆዴ ተነፍቶ ስጋደም ለሰው ኑሮ አንድ ነገር የሠራሁ እየመሰለኝ ደስ ይለኝ ነበር። ያልዳነው ትዳር የራሳችን ነው። እሱን ነው የማወራላችሁ።

ዘሐራ አርብ አርብ ዕረፍት ነበራት። ከአል-ማንሺያ ተነሥቶ በቡሪ በኩል ድልድዩን ተሻግሮ ከወንዙ ማዶ ባሕሪ የሚባለው ሰፈር በሚገባው አውቶቡስ ነበር የምትመላለሰው። በካርቱም አውቶቡስ ላይ «ወራጅ አለ» የሚል የለም። መውረድ የፈለገ ሰው እጁን ከፍ አድርጎ ጣቱን ቀጭ ያደርጋል፤ ሾፌሩም ያንን ሁሉ ጫጫታ አልፎ ያችን ቀጭታ ይሰማል። ዘሐራ አገሩ እንደገባች ይህን ማድረግ አፈረች። «ትልቅ ሰው በጣት መጥራት መሰለኝ አጎቴ» ትላለች። ስለዚህ መውረጃዋን ታልፍና ሌላ ሰው የሚወርድበት ድረስ ትሄዳለች፤ ከዚያ በዚያ ፀሐይ በእግሯ ትመለሳለች። ሾፌሩ ይህን በመስታወት ያይ ነበር። አንድ አርብ ማንም ጣቱን ሳያጮህ አውቶቡሱ መውረጃዋ ላይ ቆመ። ተሳፋሪው ዞር ዞር ብሎ ተያየ። በሚቀጥለው አርብም ቆመ።

ሾፌሩ ዑስማን ይባላል፤ ሱዳናዊ ነው፣ የባሕሪ ልጅ። እኔ ስደርስ ከዘሐራ ጋር ለትዳር ተነጋግረው ነበር። ዝምታችንን እንዲህ አድርጎ የተረዳ የውጭ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላጋጠመኝም። ከዘሐራ ጋር ስሳፈር ፊቱ በርቶ «እንደምን አደሩ አባቴ» አለኝ፤ ጊዜው ከሰዓት በኋላ ነው። አማርኛ የሚያውቀው ያችን ያህል ነበር፤ እሷንም ለእኔ ብሎ ነው ያጠናት። ወደድኩት። ወደድኩት ስላችሁ እንዲያው አፌን ለማሟሸት አይደለም፤ እህቴ ልጇን ለማን እንደምትሰጥ ስትጨነቅ አውቃታለሁና ልቤ አረፈ።

በካርቱም የወሎ ልጆች ሁሉ አባት አባ ሰይድ ናቸው። እኔም ያረፍኩት እሳቸው ቤት ነው። በወጣትነታቸው ከደሴ ተነሥተው ቡሪ ገቡ፤ ከዚያ አልተነሡም። የጠፍር አልጋ እየሠሩ ይኖራሉ፤ ሰፈሩ በሙሉ የሚተኛው እሳቸው በወጠሩት ጠፍር ላይ ነው። አባት በአጠገቧ የሌላት ልጅ ስታገባ ሽማግሌ የሚቀበሉላት እሳቸው ናቸው፤ የዘሐራም አባት በስልክ «አባ ሰይድ ያሉት የእኔ ቃል ነው» ብሎ ውክልናውን ሰጥቷቸዋል። ብዙ ልጆች ድረዋል። ያን ሁሉ ልጅ የዳሩት ግን ለእኛው ሰው ለሐበሻ ነበር፤ ይህን ያኔ ከእኛ መካከል ያስታወሰ የለም።

የዑስማን እናትና አክስቶች መጥተው ዘሐራን አይተዋታል፣ ሽቶና ጨርቅ አምጥተውላታል፣ ስለ ቤቱም ስለ ሠርጉም አብረው ተነጋግረዋል። ነገሩ በሴቶቹ በኩል አልቆ ነበር። የቀረው ወንዶቹ መጥተው መልካሙን ቃል መቀበል ብቻ ነው። ረመዳን ሊገባ ሲል በነበረው አርብ ከዐስር ሶላት በኋላ መጡ፤ የዑስማን አጎት ሐጅ ባቢክር ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር፣ ጀለቢያቸው በረዶ መስሎ። እኔ ለክብሩ ይገባል ብዬ ሱፍ ለብሼ ነበር፤ ስለ ሙቀቱ ከዚህ በላይ አልናገርም። አባ ሰይድ አስቀድመው «አንተ እንግዳ ነህ፣ የአገሩን ወግ አታውቅም፤ ዝም ብለህ ተቀመጥ» ብለውኛል። ዘሐራ ከመጋረጃው ጀርባ ናት።

ሐጅ ባቢክር ነገሩን አላስረዘመውም። አባ ሰይድ እየተረጎሙልኝ እንደሰማሁት «ልጃችን ልጃችሁን ወዷል፣ እኛም ወደናታል፤ ዛሬ ቤታችሁን ቤታችን ልናደርግ መጥተናል፤ ፋቲሐ እንቅራ» አለ። የቁርኣን መክፈቻዋ ፋቲሐ ከተቀራች ቃሉ ታሰረ ማለት ነው፤ አራቱም መዳፋቸውን ዘርግተው ለጸሎት አነሡ። ከመጋረጃው ወዲያ የሴቶች ሹክሹክታ ቆመ። እልልታውን አፋቸው ውስጥ እንደያዙት አውቄአለሁ።

አባ ሰይድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አላህ ያክብራችሁ። አመጣጣችሁ ደግ ነው። ልጅቷ ግን አባት አላት፣ አገር አላት፣ ወገን አላት። እንመካከራለን። ረመዳንም ደረሰ። ከዒድ በኋላ ተመለሱ።»

የተዘረጉት መዳፎች ለአፍታ እንደተዘረጉ ቀሩ። ከዚያ ሐጅ ባቢክር ምንም ሳይቀራ ፊቱን አበሰ። ሌሎቹም አበሱ። «ኸይር፣ ኢንሻአላህ» አለና ተነሣ። የቀረበለት ከርከዴ ግማሹ እንኳ አልጎደለም ነበር። በሩ ድረስ ሸኘናቸው፣ ጨብጠውን ሄዱ።

አባ ሰይድ እጃቸውን እያፋተጉ ተመለሱ። ደስ ብሏቸዋል።

«አየህልኝ ጨዋነታቸውን? አንዲት ቃል አልመለሱም! የእኛዎቹ ቢሆኑ አሁን ከበር ላይ ይለምኑን ነበር» አሉኝ።

ዘሐራ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ሒና የተቀባችውን እጇን ከሰውነቷ አርቃ ይዛለች።

«አባ ሰይድ፣ ምን ነው ያሏቸው?»

«ወጉን ነዋ ልጄ። በአንድ ቃል አንሥተን እንስጥሽ? ርካሽ ነሽ?»

«እዚህ እንደዚያ የለም! እዚህ ወንዶቹ የሚመጡት ኸላስ፣ ሁሉ ነገር ሲያልቅ ነው። እምቢ አልናቸው እኮ! ከነሽማግሌው፣ ጎረቤት እያየ፣ እምቢ አልናቸው።»

አባ ሰይድ አገጫቸውን ይዘው አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ያን ያህል ዓመት ሲኖሩ አንድም ሱዳናዊ ልጅ ሊጠይቃቸው መጥቶ አያውቅም። የከተማውን ሰው ሁሉ አልጋ ያውቃሉ፤ ሽማግሌው በስንተኛው ቀን እንደሚመጣ የሚያሳውቅ አልጋ ግን የለም።

እኔን የከነከነኝ ሌላ ነገር ነው። ለአንድ ብርጭቆ ከርከዴ ሚስቱን የሚፈታ ሕዝብ፣ ለሙሽራ ሲሆን እንዴት አንዴ እንኳ አይምልም? ዘሐራን ጠየቅኳት። «ሲሰጡህ ነው የሚምሉት አጎቴ» አለችኝ። «ሲጠይቁህ አይምሉም። ሰው የለኝም ካለ የለውም፣ አልሰጥም ካለ አልሰጠም፤ በሰው ልጅ ላይ እንዴት ይማላል?» ይህን ሳስበው ሳስበው ነገሩ ገባኝ። እነሱ ሲሰጡ አንቀው «ያዝ» ይላሉ፣ ሲጠይቁ ግን አንዴ ነው። እኛ ሲሰጡን እንሸሻለን፣ ስንጠየቅ ደግሞ ደጅ እንዘጋለን። ሁለቱም ጨዋነት ነው። ሁለቱ ጨዋነቶች በአንድ ግቢ ውስጥ አርብ ከሰዓት በኋላ ተገናኝተው አንዲት ልጅ መሀላቸው ቆመች።

የሚጠገን ነገር ነበር እኮ። ድልድዩን መሻገር፣ ባሕሪ መግባት፣ «ወጋችን ነው፣ እምቢ ማለታችን አይደለም» ብሎ መንገር። ለአባ ሰይድ ስነግራቸው ደነገጡ። «የሴት ወገን ልጁን ይዞ የወንድ ደጅ ይጥና? ይህን በየትኛው አገር ሰምተሃል? ይመለሳሉ። ከዒድ በኋላ ብያለሁ፣ ይመለሳሉ።» ዑስማንም በስልክ ለዘሐራ «አጎቴ አፍሮብኛል፤ ጊዜ ስጪኝ፣ ረመዳን ልብ ያለሰልሳል» አላት። እንግዲህ ሁሉም ሰው ዒድን ጠበቀ። ዒድ ደግሞ ምን ያህል ሩቅ ነው? ማንም ሰው ከአንድ ጾም ማዶ ያለውን ቀን ተጠራጥሮ አያውቅም።

እኔ ከመመለሴ በፊት በነበረው አርብ ከዘሐራ ጋር በዚያ አውቶቡስ ሄድን። ዑስማን እንደ ዱሮው በአማርኛ ሰላም አላለኝም፤ ራሱን ዝቅ አድርጎ ብቻ እጅ ነሣኝ። ዘሐራ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። መውረጃዋ ሲደርስ ጣቷን አላነሣችም። አውቶቡሱ ቆመ። ወርደን እስክንሻገር ድረስም አልተነሣም፤ ኋላ የቆሙት መኪናዎች ጡሩምባቸውን ሲያጮሁበት ነው የሄደው። ዘሐራ ያን ቀን በእግሯ እየሄደች ፈገግ አለች። «ይመጣል፣ ኢንሻአላህ» አለችኝ።

ከዒድ በፊት ጦርነት መጣ።

ስለ ጦርነቱ የምታውቁትን አልደግምላችሁም፤ እኔም ያየሁት እንደናንተው በቴሌቪዥን ነው። ያቺ ስትጮህ የምትሥቅ ከተማ ስትጨስ አየኋት። በዱላ ስጠቁመው የኖርኩትን ቦታ በስክሪን ላይ በቀይ ክብ ከበውት አየሁ። የዘሐራ አሠሪዎች ሌሊቱን ሻንጣቸውን ጭነው ሄዱ፣ እሷ በእግሯ ቡሪ አባ ሰይድ ቤት ገባች። ዑስማን አንድ ጊዜ ደወለላት። «ድልድዩ ተዘግቷል። ሲከፈት አጎቴን ይዤ እመጣለሁ፤ እሺ ብሏል፣ ዒድን አንጠብቅም» አላት። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። እስከ ዛሬ እንደተዘጋ ነው።

የሰፈሩ ሐበሻ ሴቶች ተሰባስበው ወደ መተማ ሊወጡ ሲነሡ ዘሐራ አባ ሰይድን እጃቸውን ይዛ ጎተተቻቸው። አልነሣም አሉ።

«ሽማግሌ ቀጥሬያለሁ» አሏት። «መጥተው በሩ ተዘግቶ ቢያገኙትስ? ሁለተኛ እምቢ አልናቸው ማለት ነው። አንቺ ሂጂ፤ እኔ እሺ ብያቸው እከተልሻለሁ።»

አለቀሰችባቸው፣ ለመነቻቸው። እየተግደረደሩ መስሏት ደጋግማ ለመነቻቸው። ከልባቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ አንዲት ጎረቤት በስልክ እንደነገረቻት ሲተኮስ ቤት ይገባሉ፣ ሲበርድ ወጥተው በራቸው ላይ ይቀመጣሉ፤ ጀለቢያቸው ግን የታጠበ ነው። ይህም ከቆየ ቆየ። ጎረቤቲቱም ዛሬ የት እንዳለች አናውቅም።

ዘሐራ ኮምቦልቻ ገባች። ከስታለች፣ ጠቁራለች፤ እናቷን ያስደነገጣት ግን እሱ አይደለም። «ብይ» ስትባል ወዲያው እጇን ታጥባ ትቀርባለች። ቡና ሲደገም ስኒዋን ትዘረጋለች። ጎረቤት ጋ በሄደች ቁጥር ሴቶቹ ይተያያሉ። እናቷ ጓዳ ጠርታ «ምነው ልጄ፣ ሰው ምን ይላል?» ብትላት «እማ፣ ሲሰጡሽ ተቀበይ» አለቻት። «ኋላ ድልድይ ይዘጋል።»

ባለፈው ዓመት ሽማግሌ መጣላት። የላካቸው ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ደህና ሰው ነው፣ እንከን አይወጣለትም። አባቷ ከመመካከር ቀጠሮ በፊት ጠየቃት። «እምቢ በላቸው» አለችው። ነገራቸው። ሽማግሌዎቹ ተያይተው ፈገግ አሉ፤ «አዎን፣ ከጨዋ ቤት እንደዚህ ነው» ብለው ሄዱ። ተመለሱ። አባቷ አሁንም ነገራቸው። አሁንም ደስ ብሏቸው ሄዱ። በሦስተኛው እኔ ተጠርቼ ላስረዳቸው ሞከርኩ። «እውነቷን ነው፣ አትፈልግም» ብላቸው ትልቁ ሽማግሌ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «አንተማ አጎቷ ነህ፣ እንዲህ ብትል ያምርብሃል» አለኝ። ይህን ሰው በምን አማርኛ እንደማስረዳው ግራ ገባኝ፤ እኔም እኮ በእሱ ቦታ ብሆን አላምንም።

ሰሞኑን ደግሞ መጡ። በዚህኛው ዘሐራ ራሷ ወጣች። ነጠላዋን አጣፍታ ፊታቸው ቆመች።

«አባቶቼ፣ በአላህ ይሁንባችሁ። እየተግደረደርኩ አይደለም። እምቢ ያልኩት እምቢ ስለሆነ ነው።»

ይሄኔ ገባቸው ብዬ ተንፈስ አልኩ። ትልቁ ሽማግሌ ግን ዐይኑ እንባ እስኪያቀር ድረስ ተደስቶ ከዘራውን መሬት ላይ መታ። «ተባረኪ! የዘንድሮ ልጅ አሁን ጠየቋት አሁን ሄደች ነው። እንዲህ ያለች ናት እንጂ ቤት የምትሠራ!» አለና ወደ አባቷ ዞረ። «በል እንግዲህ ረመዳን እየገባ ነው፤ አናስቸግራችሁም። ከዒድ በኋላ እንመለሳለን።»

እኔ ወዲያው ወደ ዘሐራ አየሁ። እሷ የሚወጡትን ሽማግሌዎች አላየችም። ከወጡም በኋላ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ተነሥቼ አጠገቧ ቆምኩ።

«አጎቴ» አለችኝ፣ «ይመለሱ ይሆን?»

አሁን የወጡትን እንዳልጠየቀችኝ አውቄአለሁ። እነዚህማ ይመለሳሉ።

«ኢንሻአላህ» አልኳት። ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ ሊኖረው ይገባ ነበር፤ ግን ድልድዩ በየትኛው ካርታ ላይ ተከፍቶ እንደሚገኝ አላውቅም።